የመስቀል ክትፎና የተሻለች ቤት ግምት

ያን ጊዜ ኮልፌ ግማሿ ከተማ፣ ግማሿ ገጠር ነበረች። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ትንሽ ወረድ ሲባል አስፋልቱ ያልቅና የባሕር ዛፍ ሽታ ይቀበላል። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ከእግር ይነጥቃል። አውቶቡሱ ፌርማታው ጋ ሲደርስ ሰው ሁሉ ጫማውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ፣ በሌላው ልብሱን ሰብስቦ ይሮጣል። ግን ደስ ይል ነበር። ጃንሆይ አርጅተዋል፣ ዘመኑ ሊያልቅ ነው ብሎ ያሰበ የለም፤ ሰው የሚጨነቀው ለቤቱ ቆርቆሮና ለአጥሩ እንጨት ነበር።

ቤት ያኔ የሚሠራው ከአጠና ተራ በተገዛ እንጨት፣ ከደጅ በተቆፈረ ጭቃ ነው። ጎረቤት ጭቃውን ይረግጣል፣ ሴቶቹ ይመርጋሉ፤ ሲያልቅ ይመረቃል። ባለቤቱ ሲሞት ወይም ባልና ሚስት ሲለያዩ ግን ያው ቤት ለሁለት ይከፈል ይባላል። ቤት ደግሞ እንደ ዳቦ አይቆረስም። አንዱ ወገን ቤቱን ይዞ ለሌላው ገንዘብ መስጠት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ቤቱ ስንት ያወጣል የሚለውን የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ገማች ይባላል። የኮልፌው ገማች ጋሽ ጥሩነህ ነበሩ፤ የሸዋገነት ባል።

ሸዋገነት ስታገባቸው ገና ልጅ ነበረች። እሳቸው በዕድሜ ስለሚበልጧት «ጋሼ» እያለች ጀመረችና ጸጉሯ ሸብቶም አልለወጠችውም። አናጢ ነበሩ። አንድ ዓመት የሰው ጣራ ቆርቆሮ ሲመቱ ወደቁ፤ ጉልበታቸው ከዚያ ወዲህ አልታጠፍ አለ። መሰላል መውጣት ቀረ። ቤት ሲሠራ የኖረ ሰው ቤት ሳያይ መዋል አይሆንለትምና ከዘራቸውን ይዘው ሠፈር ለሠፈር ይዞሩ ጀመር። ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ያንኳኩና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ምሰሶው ሥር ጎንበስ ብለው፣ ማለት ጎንበስ የሚለው ወገባቸው ነው እንጂ ጉልበታቸው አይደለም፣ በካራ ወጋ ያደርጉታል። ሰውም «ጋሽ ጥሩነህ፣ ይኼ ቤት ቢሸጥ ስንት ያወጣል?» ይላቸዋል። የሚሉት ዋጋ ገበያው ላይ እውነት እየሆነ ሲገኝ ሥራቸው ይኸው ሆነ።

የድካማቸውን ዋጋ የሚቀበሉበት መንገድ ግን የራሳቸው ነበር። ቤቱን ሳያዩ፣ ዋጋቸውን አስቀድመው ይናገራሉ። ከሁለቱም ወገን እኩል ይወስዳሉ፤ አሥር አሥር ብር። ለጎጆም ያው፣ ለደርብ ቤትም ያው። ከግምቱ ላይ አንዲት ሳንቲም አይቆርጡም።

«ከግምቱ ላይ የምቆርጥ ከሆነ ዓይኔ ቤቱን አያይም፤ የገዛ ኪሴን ነው የሚያየው» ይሉ ነበር።

ይህን ማለታቸው ያለ ነገር አልነበረም። ጌታሁን የሚባል ሌላ ገማች ነበር፤ ከወደ መርካቶ ኮት ለብሶ፣ ሜትሩን ኪሱ ከቶ የሚመጣ። እሱ ከገመተው ላይ ከመቶ አምስት ይወስዳል። እንግዲህ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የእሱም ድርሻ ከፍ ይላል። ጌታሁን የገመተው የዶሮ ቤት ቪላ ይሆናል እየተባለ ይቀለድ ነበር። ቀልዱ ግን ሰው ቤት ገብቶ አስለቅሷል። የአንድ አባት ልጆች እሱ ባወጣው ዋጋ ተጣልተው፣ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከራተቱ ቤቱ ራሱ ፈረሰ። ያን ጊዜ ነው የእድሩ ዳኛ አንድ እሑድ ሰው ሰብስበው «ከዛሬ ጀምሮ በእኛ እድር ገማች የሚከፈለው በጥሩነህ ሥርዓት ነው» ያሉት። ገንዘቡን ዳኛው ይይዙታል፤ ቁጥሩ ከመነገሩ በፊት ለገማቹ ይሰጡታል፤ ማንም ከመቶ ይህን ያህል ብሎ እንዳይዋዋል። ጋሽ ጥሩነህ እጃቸውን አነሡና አንድ ጨመሩበት።

«ገማች ሥራውን ከተቀበለ ጀምሮ ቁጥሩን እስኪናገር ድረስ ከሁለቱም ቤት ምንም እንዳይቀምስ። ውሃም ቢሆን።»

ሴቶቹ ሳቁ። «ሸዋዬ፣ ስንቅ ቋጥረሽ ልትከተያቸው ነው እንግዲህ!» አሏት። እሷም ሳቀች፤ ግን ትንሽ ቅር አላት። የጌታሁን ሚስት የወርቅ ሐብል አንገቷ ላይ አድርጋ ለሠርግ ስትመጣ አይታለች። እነሱ ደግሞ እስከዚያ ቀን የሰው ቤት ነው የሚከራዩት። አንድ ቀን እየቀለደች፣ ግማሽ ልቧ ግን የምሯን፣ «ጋሼ፣ ይቺን የምንኖርባትንስ ስንት ይገምቷታል?» ብላቸው ነበር።

«ባለቤቱ ሳይጠራኝ አልገምትም» ብለዋት ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ።

ኋላ አብዮቱ መጥቶ ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ቤት መሸጥ መለወጡ ሲቀር፣ ገማች የሚባለውም ነገር አብሮ ቀረ። የዛሬ ልጆች «ጋሽ ጥሩነህ ሥራቸው ምን ነበር?» ሲሏት ሸዋገነት ለማስረዳት ትቸገራለች። «ቤት ያንኳኩ ነበር» ትላቸዋለች፤ እነሱም ይስቃሉ። ከሁሉ አብልጣ የምታስታውሰው ግን የተሻለችን ቤት ነው።

ተሻለች ከጉራጌ አገር በልጅነቷ የመጣች፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ነበረች። ባሏ ፀሐዬ ማዞሪያው አጠገብ ሱቅ ነበረው። ቤቱን የሠራው ከወንድሙ ከዱባለ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ነው፤ መሬቱንም አብረው ነው የገዙት። ዱባለ ኋላ ሌላ ቤት ሠርቶ ወጣ፤ ድርሻው ግን እዚያው ቀረ። ፀሐዬ በግንቦት ሞተ። ክረምቱ ሳይወጣ ዱባለ ሽማግሌ ይዞ መጣና ድርሻዬን አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ ሱቁም አልሄድ ብሎት ነበር። ወንድሙ ሳለ አፍሮ ዝም ያለውን አሁን ተናገረው።

ስምምነቱ እንዲህ ነበር። ጋሽ ጥሩነህ ቤቱን ይገምቱ። ተሻለች የግምቱን ግማሽ ለዱባለ ከሰጠች ቤቱ የእሷ ነው። ካልቻለች ዱባለ ያለበትን ቤት ሸጦ ግማሹን ለእሷ ይሰጥና እሷ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ትወጣለች። ወዴት? እሱን ማንም አልጠየቀም። ሁለቱም አሥር አሥር ብራቸውን ለዳኛው ሰጡ፤ ቀኑም ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ተቆረጠ።

በዚያ ሰሞን ተሻለች ሸዋገነትን አጥር ሥር ጠርታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻት።

«ሸዋዬ፣ እቁቤ ወጥቷል። የሸጥኩትንም ሸጥኩ። ሁሉም ተለቃቅሞ ሺህ ከሰማንያ ብር ነው። ከዚህ በላይ አንዲት ሳንቲም የለኝም።»

«ለምን ለእኔ ነገርሽኝ?» አለቻት ሸዋገነት ደንግጣ።

«ለማን ልንገር ታዲያ? ለግድግዳው?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ቁጥር የሸዋገነት ሆድ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ተቀመጠ። ባሏ ፊት ስትቀመጥ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ይመጣል፤ መልሳ ትውጠዋለች።

መስቀል ደረሰ። የጉራጌው ሰው አብዛኛው ሱቁን ቆልፎ አገሩ ገባ። የቀሩት በሬ በቅርጫ ተካፍለው፣ ክትፎውን በቅቤ አሽተው ለጎረቤት ያቀምሳሉ። ይህ በየዓመቱ ነው። በመስቀል ጎረቤቱን ያላቀመሰ ቤት እንደ ዝግ ቤት ይቆጠራል። ጠዋት ላይ የሸዋገነት በር ተንኳኳ። ስትከፍት ተሻለች ቆማለች፤ ጥቁር ለብሳ፣ የክትፎውን ጣባ በኮባ ቅጠል ሸፍና።

«ተሹዬ! ዘንድሮ እንኳ ቢቀርስ? ሐዘን ላይ ነሽ እኮ።»

«እኔ አልቀመስኩትም። ፀሐዬ ግን ለእናንተ ሳያቀምስ መስቀልን ውሎ አያውቅም። እሱ ሞተና አስቀረችው ልባል?»

ሸዋገነት ሕጉ ትዝ አላት። እንዴት አይታወሳት! ግን ዓይኗን ቀና ስታደርግ ተሻለች ጣባውን እንደዘረጋች ናት። ለዚች ሴት «ባሌ ገማች ስለሆነ ክትፎሽን መልሺው» ማለት ከምን ይቆጠራል? ሁለት እጇን ዘርግታ ተቀበለች። «ለከርሞም በሰላም ያድርስሽ» አለቻት። ቤት ውስጥ ከሌሎች ጎረቤቶች የመጣም ነበርና ሁሉንም አንድ ላይ አቀረበችው። ጋሽ ጥሩነህ ርቧቸው ገቡና ጎረሱ።

«ዘንድሮ ክትፎው እንዴት ጣፍጧል!» አሉ።

ሸዋገነት ቆጮውን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገች።

እሑድ ሰዉ ተሻለች ግቢ ተሰበሰበ። ተሻለች ምን አድርጋለች መሰላችሁ! ለመስቀል ብላ ግድግዳውን አዲስ ምርጊት መርጋ፣ በነጭ አፈር ለቅልቃ፣ ቤቱን ሙሽራ አስመስላዋለች። ሸዋገነት ስታየው ራሷን ያዘች። ዋጋው እንዲቀንስ የምትጸልይ ሴት ቤቷን እንዲህ ታሳምራለች? ግን ቤት ሳይመረግ መስቀልን የሚቀበል ሰው በዚያ ሠፈር ማን ነበር።

ጋሽ ጥሩነህ ከዘራቸውን ይዘው ወደ በሩ ሲራመዱ ዱባለ መሐል ገባ።

«አቶ ጥሩነህ፣ አንድ ጊዜ። የእሷን ክትፎ በልተዋል ወይስ አልበሉም?»

ጋሽ ጥሩነህ ቆሙ። ቀስ ብለው ዞሩና ሚስታቸውን ፈለጉ።

«ሸዋዬ፣ በልተናል?»

«አልበላንም» ማለት ትችል ነበር። ማን ያውቃል? ተሻለች አታጋልጣት፣ ክትፎውም ከሌላው ጋር ተቀላቅሏል። ሸዋገነት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«በልተናል ጋሼ። እኔ ነኝ የተቀበልኩት።»

«እንግዲያው እኔ የዚህ ቤት ገማች አይደለሁም» አሉና ከዘራቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

ዳኛው «ጥሩነህ! ተው እንጂ!» ቢሉም አልቆሙም።

«ሕጉን ያፈረሰው የሕጉ ባለቤት ነው» አለ ዱባለ። «እኔም ከእንግዲህ በዚህ ሕግ አልታሰርም። ጌታሁንን አመጣለሁ፤ ከመቶ አምስቱንም እኔው እከፍላለሁ።»

ተሻለች አዲሱን ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች፤ ጥቁር ቀሚሷ በነጭ አፈር ተለወሰ። ዳኛው «ቢያንስ እስከሚመጣው እሑድ ቆይ፤ እድሩ ይምከርበት» ብለው ዱባለን ለመኑት። እሱም በስንት ልመና እሺ አለ።

የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ ሸዋገነት ከባሏ ጋር ተጣላች። ብዙ አይጣሉም ነበር።

«ጌታሁን ከመጣ ተሹ መንገድ ላይ ትወድቃለች! እርስዎ ለአንድ ጉርሻ ብለው!»

«ለአንድ ጉርሻ አይደለም። ነገ ቁጥሬን ስናገር ዱባለ ‹ክትፎው ነው የተናገረው› ይላል። እውነቱን ነው።»

«ሰው አይገባዎትም። ያላት ገንዘብ እኮ—»

«ሸዋዬ!» ከዘራቸውን መሬት መቱበት። «አፍሽን ያዢ። የገዢውን ኪስ ካወቅሁ ዕድሜ ልኬን ያንን ቤት መገመት አልችልም። ዛሬም፣ ሌላ ጊዜም።»

ሌላ ጊዜም የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ሌላ ጊዜ ይኖራል ብለው ያስባሉ ማለት ነው።

በማግስቱ እግሯ ወደ ዱባለ ቤት ወሰዳት። ዱባለ ሱቅ ነበር። ሚስቱ አልማዜ ጓሮ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥሳለች። አልማዜ አፏ ስል ነው፤ ገና ስታያት ጀመረች።

«ምነው? ባልሽ የበላው አነሰውና ልታስጨምሪ መጣሽ?»

«አዎ» አለቻት ሸዋገነት፣ ፈገግ ሳትል። «የአንቺን አልቀመስነውም። በየዓመቱ ከዚህ ቤት ይመጣልን ነበር። ዘንድሮ ምን አጠፋንሽ?»

የአልማዜ እጅ ጎመኑ ላይ ቆመ። ፊቷ ቀላ። እንዲህ ዓይነቱን መልስ አልጠበቀችም።

«እኔ ነኝ እንዴ?» አለች ኋላ፣ ድምፅዋ ተለውጦ። «ዱባለ ነው። ‹ሕግ ነው፣ ወደ ገማቹ ቤት እንዳትልኪ› አለኝ። ሴቶቹ በራፌ ላይ ሲያልፉ ‹የዘንድሮው መስቀል ወዴት ገባ› ይላሉ፤ እሰማቸዋለሁ። ከመስቀል ወዲህ ገበያ አልወጣሁም ሸዋዬ። ከተወለድኩ ጎረቤት ሳላቀምስ መስቀል አልፎብኝ አያውቅም።»

«ባልሽ ልክ ነው። ሕጉ እሱ ነው» አለች ሸዋገነት። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምን ልሁን ነው የምትይኝ? ጌታሁን ቢመጣ እኮ ለእኛ ነው የሚሻለን፤ ቁጥሩን ሲሰቅለው ተሹ አትችልም፣ ቤቱ ለእኛ ይቀራል። እሱን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ተሹ ስትወጣ ግን ያ ቤት የአንቺ ይሆናል። መስቀል ሲመጣ እዚያ ቤት ቁጭ ብለሽ ክትፎውን ለማን ታቀምሻለሽ? ማንስ ይቀበልሻል?»

ሸዋገነት ጎመኑን አብራት ቀንጥሳ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ አውርተው ተለያዩ።

እሑድ የእድሩ ሰው ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ሲነጋገር፣ ዱባለ «ምክሩ በቃ፤ ነገ ጌታሁንን እጠራለሁ» እያለ ሳለ፣ አልማዜ በመንገዱ መሐል ብቅ አለች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች። በሁለት እጇ በኮባ የተሸፈነ ትልቅ ጣባ ይዛለች። ሰው ሁሉ እንዲያያት ቀስ ብላ ነው የምትራመደው። ከኋላዋ ሁለት ሦስት ሴቶች ይከተሏታል፤ አልጠራቻቸውም፣ ሽታው ጠርቷቸው ነው።

«ሴትዮ! ያ ምንድነው?» አለ ዱባለ።

«መስቀል ነው።»

«መስቀል አለፈ እኮ!»

«በእኔ ቤት አላለፈም። ለጋሽ ጥሩነህ ቤት ነው የምወስደው። ከልክለኝ እንግዲህ፣ በሰዉ ሁሉ ፊት!»

«አዋረድሽኝ!»

«ያዋረድከኝ አንተ! እንደ ንፉግ ሴት በሬን ዘግቼ እንድውል ያደረግኸኝ!»

ሰዉ ሳቁን መያዝ አቃተው። ዳኛው ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጋሽ ጥሩነህ ግን አልሳቁም። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ጣባውን አዩት፤ ከዚያ ዱባለን አዩት።

«ዱባለ፣ አንድ ነገር ልበልህ። ከዚያኛው ወገን ሳላውቅ በልቻለሁ። ይህንንም አንተ ፈቅደህልኝ ብበላ፣ ከሁለታችሁም እኩል ተቀበልኩ ማለት ነው። ቁጥሩን ገና አልተናገርኩም። ቤቱንም ገና አላየሁም። እንግዲህ ክትፎው የድካሜ ዋጋ ይሁን። ዳኛው የያዙትን ገንዘብ ለየባለቤቱ ይመልሱ። ሥርዓቱ አልፈረሰም። ከፈቀድክ ነው፤ ካልፈቀድክ ጌታሁንን ጥራ፤ አልቀየምህም።»

ዱባለ ወደ ሚስቱ አየ። አልማዜ ጣባውን አላወረደችም። ሴቶቹ ዓይናቸውን ተክለውበታል። በመስቀል ክትፎ ላይ እምቢ ያለ ሰው ተብሎ በዚያ ሠፈር እንዴት ይኖራል?

«ይብሉ!» አለ መጨረሻ ላይ እጁን አወናጭፎ። «ግን እኩል ነው ካሉ እኩል ይሁን! የእሷን ምን ያህል በሉ?»

ሁሉም ሸዋገነትን አዩ።

«አንድ ጣባ» አለች።

«እንግዲያው ይቺን ጣባ እዚሁ ፊቴ ይጨርሱ!»

ሳቁ ፈነዳ። የተሻለች ጣባ ለቤተሰብ ነበር፤ ይህን ግን ብቻቸውን ሊያስጨርሷቸው ነው። ጋሽ ጥሩነህ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው፣ የማይታጠፈውን እግራቸውን ዘርግተው ጎረሱ። ዳኛው «በርቱ ጥሩነህ!» ይላሉ። ሴቶቹ ውሃ ያቀርባሉ። ዱባለ ራሱ ቆሞ እያየ ከንፈሩን እንደ መንከስ አለ፤ ኋላ አልቻለም፣ ሳቀ። ሸዋገነት ስትስቅ ዕንባዋ መጣ። ዳኛው በያዙት ሃያ ብር አዲስ ባኞ ልትገዛ ነበር፤ ባኞው በክትፎ ተበላ።

ከዚያ ወደ ተሻለች ግቢ ገቡ። ሸዋገነት በሩ ላይ ከተሻለች ጎን ቆመች። እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ጋሽ ጥሩነህ ግድግዳውን አንኳኩ። የደረቀ፣ ጥሩ ድምፅ ሰጠ። ሸዋገነት ምነው ባዶ በሆነ አለች በልቧ። ቆርቆሮውን ከሥር ወደ ላይ አዩ፤ ዝገት ትንሽ ብቻ። «ጎበዝ ቤት ነው» አሉ፤ ተሻለች የሸዋገነትን እጅ ጨበጥ አደረገች። ዱባለ «አዲስ ምርጊትም አለው» አለ።

«ምርጊት አይገመትም። የሚመጣው ክረምት ያወርደዋል።»

ጓሮውን ዞሩ፣ ጉድጓዱን አዩ፣ እንሰቶቹን አዩ። ተመልሰው ገቡና መሐል ያለው ምሰሶ ሥር ካራቸውን አወጡ። ወጉት። ካራው እስከ መያዣው ገባ። ሲያወጡት ምስጥ የበላው ዱቄት አብሮ ወረደ።

ሸዋገነት «እሰይ!» ልትል ምንም አልቀራትም። ሁለት ሴቶች ምስጥን እንዲያ ያመሰገኑበት ቀን በኮልፌ ሌላ አይገኝም።

«ይህ ምሰሶ መለወጥ አለበት» አሉ ጋሽ ጥሩነህ። «እንዲህ እንዳለ ቤቱ ሁለት ሺህ ከሁለት መቶ ብር ያወጣል። ግማሹ ሺህ ከመቶ።»

ሺህ ከመቶ። ሸዋገነት አሰበች፤ ሃያ ብር ይጎድላል። ተሻለች እጇን ከእጇ አወጣችና ወደ ዱባለ ሄደች።

«ወንድሜ፣ ሺህ ከሰማንያ አለኝ። ሃያዋን ከየት አመጣለሁ?»

ዱባለ የሰማት አይመስልም። ምሰሶው ላይ እጁን ጭኖ ቆሟል።

«ፀሐዬ ይህንን ሲተክል የያዝኩለት እኔ ነበርኩ» አለ። «‹እርጥብ ነው፣ ምስጥ ይበላዋል› አልኩት። ‹እስኪበላ እኛ እንሞታለን› አለኝ።» «ሃያዋን ለገና ትሰጪኛለሽ። ካለሽ። ከሌለሽ ደግሞ የሚመጣው መስቀል አለ።»

አልማዜ ከበሩ ሆና እልልታውን ለቀቀችው። ከሁሉ የጮኸው የእሷ ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጸሐይ ወደ አየር ጤና በኩል ዘንበል ብላለች። ጋሽ ጥሩነህ ሆዳቸውን ይዘው ቀስ ብለው ይራመዳሉ፤ ሸዋገነት ክንዳቸውን ይዛ ደግፋቸዋለች። ብዙ ከሄዱ በኋላ ጋሽ ጥሩነህ ቆም አሉ።

«ያን ቀን ልትነግሪኝ የነበረው ይኸው ነው? ሺህ ከሰማንያ?»

«እሱው ነው።»

«ለሃያ ብር» አሉ ለራሳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቢያውቁ ኖሮ ሃያ ብሯን ያወርዱላት ነበር ጋሼ?»

ትንሽ ተራመዱ። ፊታቸው ወደ መሬት ነበር።

«አላወርድም ነበር ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። «ግን ምሰሶውን አንዴ ወግቼ አልተውም ነበር ሸዋዬ። ሌሎቹንም እየዞርኩ እወጋ ነበር፤ ሌላ ምስጥ የበላው እስካገኝ።»

ሸዋገነት ክንዳቸውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች፤ መንገዱ ዳገት ነውና ቀስ እያሉ ወጡት።